የብዙ ሰው ጥቂት ብር
የከተማ ጋዜጣ ጀምሮ ስለማቆየት የቀረበ ዲስኩር

 

የተጋበዝሁት በከተማችን አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ስለመጀመርና ጀምሮም ስለማቆየት እንድናገር ነው። መጀመር በአገራችን ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። ጋዜጣ ሊያወጡ የተነሡ ሰዎች ወኔም፣ ብዕርም አላጡም። ያጠረን ማቆየት ነው። ስለዚህ አቋሜን ሳላስረዝም ከወዲሁ ልንገራችሁ። የከተማን ጋዜጣ አንድ ባለጸጋ፣ አንድ ፓርቲ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ወይም አንድ ደፋር ጋዜጠኛ ብቻውን አያኖረውም። የሚያኖረው የብዙ ሰው ጥቂት ብር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል የከተማ ጋዜጣን ያህል የሚገልጸው ሥራ አላውቅም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የአገራችን ጋዜጣ ሲወለድ እጅግ ትንሽ ነበር። «አእምሮ» የተባለችው የመጀመሪያዋ የአማርኛ ጋዜጣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በአዲስ አበባ ስትወጣ መሥራቿ አንድሪያስ ካቫዲያ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ነጋዴ ነበር። ስሟን ያወጡላት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ማተሚያ ስላልነበራት በእጅ እየተጻፈች ነበር የምትባዛው፤ ያን ጊዜ የቅጂዋ ቁጥር 24 ነበር። በኋላ ማባዣ ሲገኝ 200 ደረሰ። አንባቢዎቿ መኳንንቱና በቤተ መንግሥት ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ሁኔታ ሲለዋወጥ ጋዜጣዋም ትቋረጥ ነበር፤ ተቋርጣም እንደገና ትነሣ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ውጭ የሚደግፋት ሰፊ የአንባቢ ማኅበረሰብ አልነበራትምና።

ከዋና ከተማ ውጭ ጋዜጣ ማውጣትም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 በሐረር ከተማ «ለ ሰመር ዴትዮፒ»፣ ማለትም «የኢትዮጵያ ዘሪ» የተባለ ጋዜጣ ይታተም ነበር። ያሳትሙት የነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ማተሚያውም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚረዱበት ግቢ ውስጥ ነበር። ዋና ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር ለሐረር ሕዝብ ብዙም አልደረሰም። ቢሆንም ከመቶ ዓመት በፊት፣ መኪና መንገድ እንኳ በቅጡ ባልነበረበት ዘመን፣ አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የሕትመት ቤት ነበራት። «ከአዲስ አበባ ውጭ ጋዜጣ አይታሰብም» ለሚለን ሰው ሐረርን እንጥቀስለት።

ከዚያ በኋላ የሕትመት ሥራ መዲናው ላይ ተጠቃለለ። ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ በስሙ የተጠራችው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም መውጣት ጀመረች። ከጣሊያን ወረራ ማግስት በ1933 ዓ.ም አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተመሠረተ። እስከ ደርግ ፍጻሜ ድረስ ጋዜጣ ማለት በአመዛኙ የመንግሥት ጋዜጣ ማለት ነበር። በ1985 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ሲያስቀር የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። የዕድሜ እኩዮቼ ያን ጊዜ ያስታውሱታል፤ በየአደባባዩ አዟሪው በእጁ የተሸከመው የጋዜጣ ዓይነት ዓይን ያዞር ነበር።

አብዛኞቹ ግን ዕድሜ አላገኙም። ከእነሱ መካከል በእስርና በክስ የተዘጉ አሉ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ብዙ ጋዜጦች ከገበያ ወጥተዋል፣ ጋዜጠኞችም ታስረዋል። ይህ የማይካድ ታሪክ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ብዙም የማንነጋገርበት ሌላ እውነት አለ። ከእነዚያ ጋዜጦች አብዛኞቹ የተዘጋጁት አዲስ አበባ፣ የታተሙት አዲስ አበባ፣ የጻፉትም ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች ነበር። የሚሸጡት ፖለቲካው ሲግል ነው፤ ሲበርድ ገዥ ያጣሉ። የክልል መንግሥታት የሚያሳትሟቸው ጋዜጦችም አሉ፤ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ የምትዘጋጀው በኩር አንዷ ናት። ይሁን እንጂ የክልል ጋዜጣ ስለ መላው ክልል ማሰብ አለበት። በእኛ ከተማ የቀበሌ 03 ውሃ ለምን እንደተቋረጠ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ መንግሥት ጋዜጣ ነበረው፣ ፓርቲ ጋዜጣ ነበረው፣ ክልልም ጋዜጣ አለው። ከተማችን ግን እስከ ዛሬ የራሷ የላትም።

የከተማ ጋዜጣ ምን ይሠራል? አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የኮብልስቶን መንገድ ሲጀመር መግቢያው ላይ ሰሌዳ ይተከላል። የሥራ ተቋራጩ ስም፣ የውሉ ዋጋ፣ ሥራው የተጀመረበትና የሚጠናቀቅበት ቀን ይጻፍበታል። የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠ ዕለት ካሜራ ይመጣል፣ ጭብጨባ ይሰማል፣ ማታ በዜና ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመለስም። የከተማ ጋዜጣ ሥራ የሚጀምረው በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ማጠናቀቂያ ቀን ባለፈ ማግስት ነው። ሪፖርተሯ ሰሌዳውን ፎቶ አንሥታ፣ መንገዱ የደረሰበትን በእግሯ ለክታ፣ ተቋራጩን ጠይቃ፣ የከተማውን የመንገድ ኃላፊ ጠይቃ፣ ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ተቆልሎበት ሱቁ የቀዘቀዘበትን ነጋዴ ጠይቃ ትጽፋለች። ምናልባት ጥፋቱ የተቋራጩ ላይሆን ይችላል፤ ክፍያ ዘግይቶበት ይሆናል። ምናልባትም ውሃና ቴሌ መሥመራቸውን ሳያነሡ ቀርተው ይሆናል። ያንን ለይቶ በስምና በቀን ማስፈር ስድብ አይደለም፣ ተቃውሞም አይደለም። ለከተማው ሕዝብ የሚቀርብ ሒሳብ ነው።

እንዲህ ያለው ዜና ደረቅ ይመስላል። የሚነካው ሰው ግን በደንብ ያነበዋል። የዚህ ሳምንት የጤፍ፣ የማሽላና የበርበሬ ዋጋ ካለፈው ሳምንትና ካምናው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ለሸማቹም ለነጋዴውም ለገበሬውም ይጠቅማል። የውሃ ፈረቃ በየቀበሌው፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ቀን፣ የትምህርት ቤቶች የፈተና ውጤት፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው የቆሻሻ ክፍያ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ የይዞታ ክርክር፣ የእድሮች የጋራ ስብሰባ፣ የእግር ኳስ ቡድናችን ውጤት፣ የምረቃ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፤ እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው ነው አንድ ከተማ የሚሆኑት። ከዚህም በላይ ጋዜጣዋ ዓመት ከዓመት ስትጠረዝ የከተማዋ ማኅደር ትሆናለች። ዛሬ የከተማችንን የሠላሳ ዓመት የገበያ ዋጋ ወይም የመሬት አሰጣጥ ታሪክ ልጻፍ የሚል ወጣት ቢነሣ፣ ከሽማግሌ ትዝታና ከየመሥሪያ ቤቱ አቧራ ከለበሰ ፋይል በቀር ምን ያገኛል?

አሁን ማቆየት ወደተቻለበት አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በተራሮች መካከል ዋይትስበርግ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አይሞሉም። አካባቢው ለረጅም ዘመን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሲወጣበት የኖረ ነው፤ ከሰሉ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር፣ ድህነቱ እዚያው ይቀር ነበር። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተች «ማውንቴን ኢግል»፣ በእኛ «የተራራው ንስር» የምትባል ሳምንታዊ ጋዜጣ አለች። ቶም ጊሽና ፓት ጊሽ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1956 ገዟት። ቶም የአካባቢው ልጅ ነው። ሁለቱም ጋዜጠኝነትን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በትልልቅ ተቋማትም የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ትልቁን ከተማ ትተው ወደ ተራራው ተመለሱ።

እንደመጡ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ የወረዳው አስተዳደርና የትምህርት ቦርዱ በሚሰበሰቡበት ቦታ እየተገኙ የተባለውን ጻፉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ባለሥልጣኖቹ ተቆጡ፤ ከስብሰባ ያስወጧቸው ጀመር። ባልና ሚስቱ ግን አላቆሙም። ተራራውን ከላይ እየገፈፈ ከሰል የሚያወጣው የማዕድን ሥራ ወንዙንና እርሻውን እንዴት እንደሚያጠፋ ሲጽፉ ደግሞ ማስታወቂያ ሰጪዎች ሸሹ። በጋዜጣዋ ግንባር ላይ ለረጅም ጊዜ የኖረው «ወዳጃዊና ገለልተኛ» የሚል መፈክር ነበር። እነሱ በምትኩ አንድ ቃል አሰፈሩ፦ «ትጮኻለች!»

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1974 ጋዜጣዋ የከተማዋን ፖሊሶች አድራጎት ከዘገበች በኋላ ቢሮዋ በእሳት ጋየ። በኋላ ፍርድ ቤት አንድ የከተማዋን ፖሊስ ለቃጠሎው ሰዎች በመቅጠር ጥፋተኛ ብሎታል። ባልና ሚስቱ ቀጣዩን እትም ከመኖሪያ ቤታቸው አዘጋጁ። ጋዜጣዋ ቀኗን ሳታዛንፍ ወጣች፤ ግንባሯ ላይም «አሁንም ትጮኻለች!» የሚል ተጻፈባት። ቶም እ.ኤ.አ. በ2008፣ ፓት በ2014 አረፉ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋዜጣ አሳትመዋል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ስለ ድፍረታቸው ብቻ አይደለም። ደፋር ጋዜጠኛ እኛም ነበረን፣ አለንም። የምጠይቀው ማስታወቂያ ሲሸሽ ጋዜጣዋ ለምን አልሞተችም የሚለውን ነው። አልሞተችም፤ አንባቢዋ አልተዋትምና። አንባቢዋ ያልተዋት ደግሞ ስለ ማዕድን ኩባንያ ስለጻፈች ብቻ አልነበረም። በየሸለቆው የሚኖሩ ተራ ሰዎች፣ ብዙዎቹም እናቶች፣ ለጋዜጣዋ ይጽፉ ነበር። ማን ታሞ እንደተነሣ፣ የማን ልጅ ከሩቅ አገር እንደመጣ፣ የማን አትክልት እንደሰመረ፣ ማን እንዳረፈ በራሳቸው አነጋገር ያስነብቡ ነበር። ጋዜጣዋ ለሐዘናቸውም ለደስታቸውም ስለተገኘች በክፉ ቀን ሊያጧት አልፈለጉም። አስተዳደርን የሚጠይቀው ዓምድና የሙት መታሰቢያው ዓምድ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ጠባቂ ያጣል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሁሉም የሚፈራው እሱን ነውና። የጋዜጣ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብዙም አሳተማችሁ ጥቂት የማይለወጠው ነው፦ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የገጽ ቅንብር፣ የፕሌት ሥራ፣ የማተሚያው ማሽን ዝግጅት። ሌላው በቅጂው ብዛት የሚጨምረው ወረቀት፣ ቀለምና ማጓጓዣ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቅጂ ማሳተም በአንድ ቅጂ ሲሰላ ውድ ነው፤ ብዙ አሳትሞ ግማሹ ተመላሽ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ሲቀር ደግሞ ኪሳራው ይብሳል። የጋዜጣ ወረቀት የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ የማታውቁ የላችሁም። ገጽም እንደልብ አይጨመርም፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነውና፣ ከአራት የሚቀጥለው ስምንት ነው። ለዚህ ነው በአራት ገጽ እንጀምር የምለው። ስምንት ገጽ የሚሞላ ዜናና ማስታወቂያ ሳይኖር በስምንት ገጽ መጀመር የብዙ ጋዜጣ መቃብር ሆኗል።

ገቢው ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከዕለት ሽያጭ፣ ከማስታወቂያና ከደንበኝነት ክፍያ። በአዲስ አበባ ያለውን ልምድ እናውቀዋለን። የሥራ ማስታወቂያና የጨረታ ማስታወቂያ ጋዜጦቹን ይሸከማቸዋል። አራት ኪሎም ሆነ ሌላ አደባባይ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከአከራይ ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ክፍት የሥራ ቦታውን ማስታወሻቸው ላይ ገልብጠው ሲመልሱ ዓመታት አልፈዋል። አሳታሚዎች ይህን እንደ ኪሳራ ያዩታል። እኔ ግን ትምህርት አይበታለሁ። ድሃ ወጣት ለሚጠቅመው መረጃ ካለችው ላይ ቀንሶ ይከፍላል። ከፋዩ አልጠፋም፤ አቅሙን ያገናዘበና ሕይወቱን የሚነካ ነገር ማቅረብ ነው የጎደለን።

እንግዲህ ሒሳቡን በምሳሌ እናስላው። አንድ ሺህ ቤተሰብ በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢከፍል በወር ሃምሳ ሺህ ብር ነው። ሃምሳ ብር ዛሬ ለአንድ ሰው የሁለት ማኪያቶ ዋጋ እንኳ ላይሆን ይችላል። አንድ ባለሀብት ብቻውን ሃምሳ ሺህ ብር ቢሰጠንስ? ገንዘቡ ያው ነው፤ ጋዜጣዋ ግን ያቺው አትሆንም። ባለሀብቱ መሬት ሲወስድ፣ ግንባታው ሲጓተት፣ ሠራተኛ ሲበድል ዋና አዘጋጁ እጁ ይያዛል። ባለሀብቱ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ስልክ እንኳ ሳይደውል የአዘጋጁ ብዕር በራሱ ይሸማቀቃል። ከአንድ ሺህ ከፋዮች ግን አንዱ ቢቀየም ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አሉ። የጋዜጣ ነጻነት ከሕግ በፊት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለዚህ ከማንም ነጠላ ምንጭ የሚመጣ ገቢ፣ ከከተማው አስተዳደር ማስታወቂያም ቢሆን፣ ከጠቅላላው ገቢ ሩብ እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ እላለሁ።

ከፋዩ ደግሞ እዚህ ያለው ብቻ አይደለም። የከተማችን ልጆች ዋሽንግተን ዲሲም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም፣ ፍራንክፈርትም አሉ። ከአገር ቤት ወሬ የሚደርሳቸው ከዘመድ ስልክና ከፌስቡክ ነው፤ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ አሉባልታ። የትውልድ ሰፈራቸው መንገድ መሠራቱን፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት ጣሪያ መቀየሩን፣ የጎረቤታቸው ቀብር መቼ እንደሆነ በታመነ ጋዜጣ ለማንበብ የማይከፍሉ አይመስለኝም። ለእነሱ የጋዜጣዋ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይላክ። እዚህ ያለው ደንበኛም ክፍያውን በቴሌብር ይፈጽም። ስልኩ ለጋዜጣዋ ጠላት የሚሆነው ዜናዋን በነጻ በትነን የወረቀቷን እትም ባዶ ስናስቀር ነው። ሙሉው ዘገባ ለደንበኛ፣ የውሃ ፈረቃና የአስቸኳይ ጊዜ ማሳሰቢያ ግን ለሁሉም በነጻ ይሁን።

ከገንዘብ ቀጥሎ ቀን ማክበር ይመጣል። አዲስ አድማስ ጋዜጣን ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ አንባቢዋ ከቅዳሜ ጋር ነው የሚያያት። ሪፖርተር ጋዜጣም በአማርኛ እትሙ ረቡዕና እሑድ የታወቀ ነው። አንባቢ ጋዜጣን የሚለምደው በቀኑ ነው፤ ሁለት ሳምንት የቀረችበትን ጋዜጣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከአዟሪው አይጠይቅም። ማስታወቂያ ሰጪም እንዲሁ ነው፤ የጨረታው ቀን ካለፈ በኋላ የወጣ ማስታወቂያ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ ማውጣት ካልቻልን በየአሥራ አምስት ቀኑ እንበል፤ ያልነውን ቀን ግን አናዛንፍ። ቀኑም የገበያችን ቀን ዋዜማ ይሁን። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ጤፉን ሸጦ ሲመለስ ጋዜጣዋን ይዞ ይሄዳል፤ በመንደሩም ፊደል የቆጠረ ልጅ ለአሥር ሰው ያነብለታል።

ሦስተኛው መታመን ነው። በትንሽ ከተማ ጋዜጠኛ የሚጽፍበትን ሰው ነገ በቀብር ያገኘዋል፣ ከነገ ወዲያ በሰርግ ጎኑ ይቀመጣል። ይህ ከባድ ነው፤ መልካም ልጓምም ነው። ሳያጣሩ መጻፍን ይከለክላልና። የሚወነጀል ሰው ሳይጠየቅ ዘገባ አይውጣ። ቅር የተሰኘ ሰው መልስ የመስጠት መብት በሕጋችንም የታወቀ ነው፤ መልሱ እኛ በጻፍንበት ገጽ፣ በዚያው ስፍራና በእኩል ጉልህ ፊደል ይውጣ። ስሕተት ስንሠራ እርማቱ በውስጥ ገጽ ጥግ አይደበቅ። በሰዎች መካከል ግጭት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በጥድፊያ ከመጻፍ በእርጋታ ማጣራት ይቅደም፤ አንዲት ያልተጣራች ዓረፍተ ነገር ቤት ልታቃጥል እንደምትችል እዚህ አገር ሰው የሚነግረን አያስፈልግም።

ስለ አበልም በግልጽ ልናገር። በአገራችን የስብሰባ አዘጋጅ ለዘጋቢ ጋዜጠኛ አበል መክፈሉ የተለመደ ሆኗል። ጋዜጠኛው ደመወዙ ስለማይበቃው ይቀበላል፤ አዘጋጁም ዜናው እንዲወጣለት ይከፍላል። ሁለቱም ክፋት የላቸውም ሊባል ይችላል። ውጤቱ ግን አበል ያለበት ስብሰባ ዜና ሲሆን፣ አበል የሌለበት የእናቶች የውሃ ሰልፍ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። የከተማችን ጋዜጣ ባልደረባ አበል የሚቀበለው ከጋዜጣዋ ብቻ ይሁን። ይህ እንዲሆን ደግሞ በልቶ የሚያድር ደመወዝ እንክፈለው። ሦስት ሰው በሚገባ ተከፍሏቸው ቢሠሩ፣ አሥር ሰው በነጻ ከሚሠሩት የተሻለ ጋዜጣ ይወጣል።

ሥራውን ማን ይሠራዋል ለሚለው፣ ሰው አለን እላለሁ። የአማርኛ መምህራን አሉን፤ አራሚ ይሆናሉ። ከዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉን። ከየቀበሌውና በዙሪያችን ካሉ የገጠር ቀበሌዎች አንድ አንድ ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ትሁን፣ ዲያቆንም ይሁን፣ የመድረሳ መምህርም ይሁን፣ በወር አንድ ጊዜ የአካባቢውን ወሬ እንዲጽፍ ይመረጥ። ዋይትስበርግ ላይ የተራራው እናቶች የሠሩትን የእኛ እናቶች የማይሠሩበት ምክንያት የለም። ሽማግሌዎቻችንም የከተማችንን ታሪክ በየእትሙ በአንድ ዓምድ ይንገሩን፤ ዘመኑ ሳያልፍ እንመዝግበው።

የሕጉን ጎን ቸል አልልም። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ምዝገባ እናሟላ፤ የአሳታሚው ስምና አድራሻ በየእትሙ ይታተም። ስምንና አድራሻን ይፋ ማድረግ ራሱ ጋዜጣን ከአሉባልታ የሚለየው ነው። የባለቤትነቱ ነገርም ከመጀመሪያው ይጥራ። እኔ የምመርጠው ብዙ ባለአክሲዮን ያለው፣ አንድ ሰው ከተወሰነ ድርሻ በላይ የማይገዛበት ማኅበር ነው። የዋና አዘጋጁን ሥራ ባለአክሲዮኖች እንዳይነኩ በደንቡ ይጻፍ። ይህን ሳናጠራ ብንጀምር የመጀመሪያው ትርፍ ወይም የመጀመሪያው ኪሳራ ያጣላናል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ እንጀምር የሚል ሐሳብ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው። የመጀመሪያው እትም ከመታተሙ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር የሚያቆይ የደንበኝነት ክፍያ ይሰብሰብ። ስድስት መቶ ሰው ካልከፈለ አንጀምር። ስድስት መቶ ሰው ካልፈለጋት ጋዜጣ በማንም ብር ብትወጣ አትኖርምና። ስድስት መቶ ሰው ከከፈለ ግን የመጀመሪያው እትም በወጣ ዕለት ጋዜጣዋ ባለቤት አላት፣ ጠባቂም አላት።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ የምለው አለኝ። የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ጉዳዩን አጀንዳ አድርጉት፤ እያንዳንዱ እድር ለአባላቱ ማንበቢያ የሚሆን አምስት ቅጂ ይመዝገብ። ነጋዴዎች፣ ማስታወቂያችሁን ለዓመት ቃል ግቡ፤ ስለ እናንተ የሚያስከፋ ዜና ቢወጣም ቃላችሁን አትጠፉ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ሄደው እንዲያዩና እንዲጽፉ አድርጉ። የአስተዳደሩ ሰዎች፣ የምክር ቤቱን አዳራሽ ለጋዜጠኛ ክፈቱ፤ ቃለ ጉባኤውን አትደብቁ። ለሚሠራ አስተዳደር ሥራው በስሙ ተጽፎ ከመታየት የበለጠ ምስክር የለውም። ወጣቶች፣ መጀመሪያ ለመጻፍ ሳይሆን ለመጠየቅ ተዘጋጁ።

በበሩ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። የስድስት ወር ክፍያ ሦስት መቶ ብር ነው። ስትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ የመጣነው ለዚህ ነውና።